የባዝል ደወል

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1905 ዓ.ም.፣ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ፣ ቀድሞ መንበረ ጵጵስና የነበረው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ደጁን የከፈተው ለምእመናን ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ሃይማኖት የሚባለውን ነገር ከተዉ ዘመን ለቈጠሩ ከ23 አገሮች ለመጡ 555 የሶሻሊስት መልእክተኞች ነበር። ደወሉ ተደወለላቸው፤ ቀይ ሰንደቃቸውን ይዘው ገቡ፤ ፈረንሳዊው ዣን ዦሬስም ያንኑ የደወል ድምፅ የንግግሩ መነሻ አድርጎ ስለ ሰላም ሰበከ፤ ጉባኤውም ጦርነትን በሚቻለው ሁሉ ለመከላከል በአንድ ቃል ወሰነ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1906 ዓ.ም. ማታ፣ ዦሬስ በፓሪስ ክሯሳን በሚባለው ቡና ቤት ራት ላይ እንዳለ፣ ራውል ቪለን የተባለ የአገር ፍቅር ያሰከረው ጐልማሳ በሽጉጥ ገደለው። ሥርዓተ ቀብሩ በተፈጸመበት በሐምሌ 28 ቀን በበርሊን ሸንጎ 110 መቀመጫ የነበረው የጀርመን ሶሻሊስት ፓርቲ ያን ሰሞን ለፈነዳው ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሚወጣውን የብድር ገንዘብ ደግፎ ድምፁን ሰጠ። በዋዜማው በራሳቸው ጉባኤ 78ቱ ሲደግፉ የተቃወሙት 14 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚሁ አንዱ ሊቀ መንበሩ ሁጎ ሃዘ ነበርና፣ የማያምንበትን መግለጫ በሸንጎው ፊት ቆሞ ያነበበው እርሱ ራሱ ሆነ። የፓርቲው እንደራሴ ካርል ሊብክኔኽትም ለማኅበሩ ሥርዓት ታዝዞ ያን ቀን ከባልንጀሮቹ ጋር ድምፅ ሰጠ፤ ብቻውን የተቃወመው ኋላ ኅዳር 23 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው።

ፓርቲው የባዝሉን ቃል ትቶ ጦርነቱን መደገፉን ብዙዎች ክህደት ብለውታል፤ እኔ ግን ነገሩን በርስት ዓይን ብናየው ይሻላል እላለሁ። የጀርመን ሠራተኛ በአያቱ ዘመን በገዛ አገሩ እንደ ጭሰኛ የሚቈጠር ነበር፤ በ1904ቱ ምርጫ ግን ፓርቲው ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ፣ ጋዜጦቹን፣ የሠራተኛ ማኅበራቱንና የመረዳጃ ሣጥኑን ዘርግቶ ስለ ነበር፣ የሩስያ ንጉሥ ጦር መጣ በተባለ ጊዜ ሠራተኛው የሚሰጋለት ነገር ነበረው። ፈረንሳዊውም ስለ ጀርመን ንጉሠ ነገሥት እንዲሁ ይል ነበር። በአንጻሩ አገራቸው በእውነት የተወረረችባቸው፣ በሸንጎ ሁለት እንደራሴ ብቻ የነበሯቸው የሰርብያ ሶሻሊስቶች የጦርነቱን ገንዘብ ሳይደግፉ ቀሩ፤ ከጀግንነታቸው ሌላ፣ የሚያጡት ጥቂት መሆኑም ሳይረዳቸው አልቀረም።

ቪለን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ለፍርድ ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ፤ የችሎቱንም ወጪ የሟች ሚስት እንድትከፍል ተፈረደባት። ኅዳር 14 ቀን 1917 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት የዦሬስን ዐፅም፣ ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ታንጾ ኋላ የታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር በሆነው በፓንቴዎን በክብር አሳረፈ። በጦርነቱ ምክንያት ከሶሻሊስቶች የተለዩት ኮሙኒስቶችም ከመንግሥቱ ሰልፍ ተለይተው፣ ቀይ ሰንደቃቸውን ይዘው ከኋላ ለብቻቸው ይከተሉ ነበር።