አርቢ-1፦ ዕጢ ገቺው ፕሮቲን የሚጠፋባቸው መንገዶች

ስለ ዕጢ ገቺ ዘረመሎች ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ፒ-53 ነው። ተነጥሎ በመታወቅ ረገድ ቀዳሚው ግን በ13ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ የሚገኘው አርቢ-1 ነው። ስሙን ያገኘው ሬቲኖብላስቶማ ከሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሲሆን፣ በሽታው ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል። የበሽታው ብርቅነት ዘረመሉንም የጥቂቶች ጉዳይ አስመስሎታል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በሳንባ፣ በጡት፣ በማኅፀን በርና በአጥንት ካንሰርም የዚህ ዘረመል ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ሲሆን ይታያል። ከሥራ ውጭ የሚሆንበት መንገድ ግን ከካንሰር ካንሰር ይለያያል፤ በእኔ እምነት ሐኪምም ተመራማሪም አጥብቆ ሊይዘው የሚገባው ይህንኑ ልዩነት ነው። «ዘረመሉ ተበላሽቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ፕሮቲኑ እንዴት ጠፋ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ሕክምናውም መከላከሉም መንገድ ይስታል።

አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጥናት በቤተ ሙከራ የተሠራ አልነበረም። መነሻው በሂዩስተን ኤም ዲ አንደርሰን ሆስፒታል የታዩ የ48 ሕፃናት የሕክምና መዝገብ ነው። ከእነዚህ 23ቱ ሁለቱም ዓይኖቻቸው፣ 25ቱ ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ የታመመ ነበሩ። ክኑድሰን በሽታው በስንት ወራቸው እንደታወቀ ከመዝገቡ ወሰዱና በየዕድሜው ገና ያልታወቀላቸው ምን ያህል እንደሆኑ በሎጋሪዝም ልኬት ግራፍ ላይ አሰፈሩ። የሁለት ዓይን ሕሙማን ነጥቦች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ሠሩ። የአንድ ዓይን ሕሙማን መስመር ግን መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ወርዶ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ጉብጥ ሆነ። ቀጥተኛው መስመር አንድ ክስተት ብቻ ሲጠበቅ የሚገኝ ነው፤ ጉብጡ ደግሞ ሁለት ክስተቶች በአንድ ህዋስ ላይ መገናኘት ሲኖርባቸው።

ከዚህ የወጣው ድምዳሜ አጭር ነበር፦ ካንሰሩ እንዲነሳ ሁለት ጉዳት ያስፈልጋል። በዘር የሚተላለፈውን ዓይነት የያዘ ሕፃን አንደኛውን ጉዳት በሁሉም ህዋሳቱ ይዞ ስለሚወለድ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይኖቹ ይታመማል። ሌላው ሕፃን ሁለቱም ጉዳቶች በዕድል በአንዲት የሬቲና ህዋስ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ጤነኛ ነው። አንድም ዲኤንኤ ሳያነቡ፣ በመዝገብና በእርሳስ ብቻ እዚህ መድረሳቸው ዛሬም ያስደንቀኛል።

ሐሳቡ ብቻውን አልቆመም። ሄንሪ ሃሪስና ባልደረቦቻቸው በ1969 የካንሰር ህዋስን ከጤነኛ ህዋስ ጋር ሲያዋህዱ ድቅሉ ዕጢ የመፍጠር ጠባዩን እንደሚያጣ አሳይተው ነበር። ካንሰር የሚያበረታ ነገር ስለተጨመረ ብቻ ሳይሆን የሚገታ ነገር ስለጎደለም ይመጣል ማለት ነው። በ1983 ዌብስተር ካቬኒና ባልደረቦቻቸው በሬቲኖብላስቶማ ዕጢዎች ውስጥ ጤነኛው የ13ኛው ክሮሞዞም ቅጂ እየጠፋ የተበላሸው ብቻ እንደሚቀር አረጋገጡ። በ1986 ደግሞ ስቲቨን ፍሬንድ፣ ታዴየስ ድራይጃ፣ ሮበርት ዋይንበርግና ባልደረቦቻቸው ዘረመሉን ራሱን ነጥለው አወጡት። ተማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያደናግር አንድ ነገርም በዚህ ጠራ፦ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሲታይ ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረሱ የሚበቃ፣ ስለዚህም ገዢ ጠባይ ያለው ይመስላል፤ በህዋስ ደረጃ ግን ሁለቱም ቅጂዎች ካልጠፉ ምንም አይሆንም።

አርቢ የሚባለው የዚህ ዘረመል ፕሮቲን 928 አሚኖ አሲዶች አሉት። ዋና ሥራው ኢ-2-ኤፍ የሚባሉትን፣ ህዋስ ዲኤንኤውን እንዲያባዛ የሚያስፈልጉ ዘረመሎችን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች ይዞ ማቆየት ነው። ህዋሱ የመከፋፈል ትእዛዝ ሲደርሰው ሲዲኬ-4 እና ሲዲኬ-6 የተባሉ ኢንዛይሞች ከሳይክሊን-ዲ ጋር ተጣምረው በፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት መለጠፍ ይጀምራሉ፤ ሌሎች ኢንዛይሞችም ይከተላሉ። ፎስፌት የሚለጠፍባቸው ቦታዎች ከ12 ይበልጣሉ። ፎስፌቱ ሲበዛ ፕሮቲኑ ቅርጹ ተለውጦ ኢ-2-ኤፍን ይለቃል፤ ህዋሱም ወደ መባዛት ያልፋል። ፒ-16 የሚባለው ፕሮቲን በበኩሉ ኢንዛይሞቹን ይገታል። ጤነኛ ህዋስ በየዑደቱ አርቢን በፎስፌት ያሰናብተዋል፤ ክፍፍሉ ሲያበቃም ፎስፌቱን አራግፎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ዘበኛ ከበሩ የሚጠፋው ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ታፍኖም ተታሎም ይጠፋል። አርቢም እንዲሁ ነው።

ፕሮቲኑ ጭራሽ የማይኖርባቸው ካንሰሮች ዘረመሉ ራሱ የተሰበረባቸው ናቸው። ሬቲኖብላስቶማ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ ምንም እንኳ በጥቂት ሕፃናት አርቢ-1 ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማይክ-ኤን የተባለው ዘረመል እጅግ በመባዛቱ ብቻ በሽታው እንደሚነሳ በ2013 ቢታወቅም። ሁሉም የሰውነት ህዋሳት ዘረመሉን ይዘው ሳለ ጉዳቱ ለምን በሬቲና ላይ ይበረታል? መልሱ ከፊሉ ኮን ተብለው የሚታወቁት፣ ቀለም የምናይባቸው ህዋሳት ገና ሳይበስሉ ካላቸው ጠባይ ይመነጫል፤ እነዚህ ህዋሳት አርቢ ሲጎድላቸው ከመሞት ይልቅ ይባዛሉ። አይጥ ግን በዚህ ሰውን አትመስልም። አንድ የተሰበረ ቅጂ ይዛ የተወለደች አይጥ የሬቲና ሳይሆን የፒቱታሪ ዕጢ ታወጣለች። ከአይጥ የተገኘን ውጤት በቀጥታ ወደ ሰው ለማዛመድ ለሚቸኩል ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል። የተወረሰ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ከዓይን ካንሰሩ ከዳኑም በኋላ በሕይወት ዘመናቸው ለአጥንትና ለለስላሳ አካል ካንሰር፣ ለሜላኖማም ይጋለጣሉ፤ በሕፃንነት የተሰጠ የጨረር ሕክምና ደግሞ ይህን ሥጋት ያባብሰዋል። ዛሬ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ጨረርን የሚሸሹት ለዚህ ነው። በአዋቂዎች ዘንድ ደግሞ ትንንሽ ህዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር አርቢ-1ንም ፒ-53ንም ሳያጠፋ የሚነሳው እምብዛም ነው።

በማኅፀን በር ካንሰር ያለው ነገር ፈጽሞ ይለያል። በአብዛኞቹ ዕጢዎች አርቢ-1 ቢመረመር ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱን የሚያደርሰው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ኢ-7 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን በአጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት አርቢን አንቆ ይይዛል፤ ይህ በ1989 ተረጋግጧል። ከያዘውም በኋላ ህዋሱ ያረጁ ፕሮቲኖቹን ወደሚሰባብርበት ሥርዓት ይልከዋል። ዘረመሉ ፕሮቲን ማምረቱን አላቆመም፤ ምርቱ ግን ሥራ ሳይጀምር ይወድማል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በሄላ ህዋሳት ላይ የተሠራ ሙከራ ነው። ህዋሳቱ በ1951 በባልቲሞር በማኅፀን በር ካንሰር ካረፉት ከሄንሪዬታ ላክስ የተወሰዱ ሲሆን፣ የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 18ን ይዘው እስከ ዛሬ በመላው ዓለም በቤተ ሙከራዎች ይራባሉ። ኤድዋርድ ጉድዊንና ዳንኤል ዲማዮ በ2000 ባሳተሙት ጥናት የቫይረሱ ካንሰር አምጪ ዘረመሎች እንዲዘጉ አደረጉ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ያለ እረፍት ሲከፋፈሉ በነበሩት ህዋሳት ውስጥ አርቢና ፒ-53 እንደገና ሥራ ጀመሩ፤ ክፍፍሉም ቆመ። ዘረመሎቹ ያን ሁሉ ጊዜ ጤነኛ ነበሩ። ስለ ካንሰር ካነበብኳቸው ውጤቶች ይህን ያህል ተስፋ የሰጠኝ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የቆየ ካንሰር ሁሉ መመለሻ የለውም የሚለውን እምነት ያናጋል። አርቢ ሲጠፋ ህዋሱ ፒ-16ን አብዝቶ ያመርታል፤ ኢ-2-ኤፍን የሚይዝ አርቢ ስለሌለ ግን ምርቱ ክፍፍሉን አይገታም። የፓቶሎጂ ባለሙያዎች የማኅፀን በር ናሙና ላይ ፒ-16ን ቀለም ቀብተው የሚፈልጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአብዛኛው የጡት ካንሰር ደግሞ አርቢ አልተሰበረም፣ ቫይረስም አልያዘውም። ሳይክሊን-ዲ ከልክ በላይ በዝቶ ወይም ፒ-16 ጠፍቶ ኢንዛይሞቹ ፕሮቲኑን ያለማቋረጥ በፎስፌት ያሰናብቱታል። እዚህ ላይ መድኃኒት ይሠራል። በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ ሲዲኬ-4ንና ሲዲኬ-6ን በመግታት አርቢን ወደ ሥራው ይመልሳል፤ የሆርሞን ተቀባይ ላለባቸው የጡት ካንሰር ሕሙማን ትልቅ እርዳታ ሆኗል። ቅድመ ሁኔታው ግን ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ የሚመልሰው አርቢ መኖር አለበት። ፕሮቲኑ ለሌላት የሳንባ ካንሰር ህዋስ መድኃኒቱ ምንም አይፈይድም፤ መድኃኒቱን ከተለማመዱ የጡት ዕጢዎችም በጥቂቶቹ ውስጥ አርቢ-1 ራሱ ተሰብሮ ተገኝቷል። ዕጢው መድኃኒቱን ለማምለጥ መንገዱን ቀየረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ሳመጣው ሁለት ነገር ይታየኛል። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ በሽታ ነው። በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት ኢ-7 ገና ወደ ህዋስ ሳይገባ የሚያስቀር፣ ስለዚህም ጤነኛውን አርቢ ከነሥራው የሚጠብቅ ነው። በዘረመሉ ላይ ምንም ማድረግ ሳያስፈልግ ዘረመሉን ማዳን ይቻላል።

ሬቲኖብላስቶማን ግን ክትባት አይከላከለውም፤ የሚያድነው ፍጥነት ነው። ከ153 አገሮች የ4,351 ሕፃናትን መረጃ ያሰባሰበና በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው በመካከለኛ ግምት በ14.1 ወር ሲሆን በዝቅተኛ ገቢ አገሮች በ30.5 ወር ነው። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከታዩት ሕፃናት 49.1 በመቶው ዕጢው ከዓይን ውጭ ወጥቶባቸው ነበር፤ በሀብታሞቹ አገሮች 1.5 በመቶ ብቻ። ዘረመሉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የተለየው የደረሱበት ጊዜ ነው። ጉዳቱን ይዘው ከሚወለዱት ሕፃናት አብዛኞቹ በቤተሰባቸው የታመመ ሰው የሌላቸው ናቸውና «በዘራችን የለም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ እናትንም አባትንም ጥፋተኛ የሚያደርግ ነገር የለውም። የልጃችሁ የዓይን ብሌን በብርሃን ወይም በስልክ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከታያችሁ፣ ባያመውም፣ ባያለቅስም፣ «ሲያድግ ይለቀዋል» ብትባሉም፣ በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት፤ በሽታው ከተረጋገጠም ወንድምና እህቶቹን አብራችሁ አስመርምሩ።