ቃሞና ዘመዶቹ

ታሪክ ስንማር የነገሥታትን ስምና የጦርነቱን ዓመት እንቆጥራለን፤ የቁጥቋጦን ታሪክ ግን ማን ይጠይቃል? ከወልድያ ወደ መርሳ በሚያወርደው መንገድ፣ በሐብሩ ተረተሮች ላይ፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ከአንድ አንገት የሚያወጣ ቁጥቋጦ አለ። እንደ አገሩ ቃሞ ወይም ቅሞ ይባላል፤ እምብስና ጥለምም የቅርብ ወንድሞቹ ናቸው። ፍሬውን እረኛ ይቅመዋል፣ ከቅርንጫፉ መፋቂያ ይቆረጣል፣ የቀረው ማገዶ ይሆናል።

ዘሩ ግን ሰፊ ነው። በሶርያና በቱርክ ገበታ በሥጋና በሽንኩርት ላይ የሚነሰነሰው ቀይ ኮምጣጣ ዱቄት፣ ሱማቅ የሚሉት፣ የቃሞ ዘመድ ፍሬ ነው። በሲሲሊ ደግሞ ቅጠሉ እየተፈጨ ለዘመናት ቆዳ ሲለፋበት ኖሯል፤ በእኛ አገር ቀረጥ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ደግ ዘር በመርዘኛነት ያስጠረጠረው ምንድን ነው? ስም ነው። እ.አ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሊኒየስ ሱማቅንም፣ ቆዳ የሚያቆስለውን የሰሜን አሜሪካ ሐረግም «ሩስ» በሚል አንድ ስም ሥር ከተታቸው። በዓመቱ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር መርዘኞቹን ለይቶ «ቶክሲኮደንድሮን»፣ የመርዝ ዛፍ፣ አላቸው፤ ግን ብዙ ሊቃውንት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአሮጌው ስም ሲጠሯቸው ኖሩ። ሳማ እንደነካህ ይለበልብሃል፤ የእነዚህ ዘይት ግን ቆዳ ላይ ተለጥፎ ቆይቶ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚያሳክክህና ውሃ የሚያቋጥርብህ። ያም ሆኖ ጃፓኖች ከዚሁ ወገን ከሆነ ዛፍ በሚቀዱት ፈሳሽ የእንጨት ዕቃቸውን ያስጌጡበታል። መርዙም ሙያ አለው እኮ!

ያ ሐረግ በእኛ ተረተር አይበቅልም። ዘመዱ ግን በመርሳ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል፦ ማንጎ! ፍሬው ከአንገቱ ሲቀነጠስ የሚፈሰው ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ አንዳንዱንም ሰው ከንፈሩን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ለቃሚ እጁን ይታጠብ፣ በላተኛም ልጦ ይብላ። በየግቢው የቆመው ቁንዶ በርበሬም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ ከወጥ ቤቱ ቁንዶ በርበሬ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የላቸውም።

የእኛ እምብስ በላቲን ስሙ በመጽሐፍ የሰፈረው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ እ.አ.አ. ከ1847 እስከ 1851 በታተመው በአሺል ሪሻር የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ። ዕፀዋቱን ከሰበሰቡት መካከል ካርተን-ዲዮንና ፔቲ የተባሉት ሐኪሞች ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ፔቲን በ1843 አባይ ላይ አዞ ወሰደው። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርስቲዎች ሊቃውንት በጋራ ያዘጋጁት መጽሐፍ፣ ቃሞና ዘመዶቹ የሚገኙበት 3ኛው ቅጽ፣ የወጣው በ1989 ነው።

እንግዲህ የፓሪሱ እውቀት በወረቀት ተቀምጧል። የሐብሩ እረኛ እውቀት ግን ዛሬም በአፍ ነው ያለው፤ የትኛው ይቃማል፣ የትኛው ይተዋል፣ የትኛው ለምን ይበጃል። ቁጥቋጦው ለከሰል በተመነጠረ ቁጥር ልጁ የሚጠይቀው፣ ሽማግሌውም የሚያሳየው ያጣል። እኛ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን ከነፍሬው ይዘን እንጻፍ። ስም ብቻውንማ ሰውን ያሳስታል።