ሕጉ በቤተ ሙከራው በር ላይ የቆመበት ዘመን

ከኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር አጠገብ፣ በኮልፋክስ ጎዳና ዳር የተንጣለለው የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ቀድሞ የፊትዝሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገና ዴንቨር ሳለ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሞከረ። ታካሚው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ደም ፈስሶት ሞተ። ስልቱ አስቀድሞ የተጠናው በውሾች ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ቡድኑ የዝንጀሮ ኩላሊት ለስድስት ሰዎች ተከለ፤ አንዱም ከ98 ቀን በላይ አላገለገለም። ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ የጉበት ተቀባይ የተገኘው በ1967 ነው።

እንግሊዝ በሕያው እንስሳ ላይ የሚሞክር ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ያስገደደችው በ1876 ነበር። አሜሪካ ግን በ1963 ይህን የሚገዛ የፌዴራል ሕግ አልነበራትም። በኋላም ሕጉን የወለደው የቤተ ሙከራው ሥቃይ ሳይሆን የውሻ ስርቆት ነው። በ1965 ፔፐር የምትባል የፔንሲልቬንያ ውሻ ጠፍታ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሙከራ ላይ መሞቷ ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት ላይፍ መጽሔት የውሻ ነጋዴዎችን ግቢ በፎቶግራፍ አጋለጠ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በነሐሴ 1966 ሕጉን ፈረሙ።

ሕጉ ነጋዴውን በፈቃድ ያስራል፤ ለእንስሳው ማቆያ ደረጃ ያወጣል። ሙከራው ሲጀመር ግን ከበሩ ይመለሳል። ተቆጭው የውሻው ባለቤት እንጂ ውሻው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥቃይን ስለመቀነስና ሙከራን አስቀድሞ ስለሚመረምር ኮሚቴ የተደነገገው በ1985 ነው።

አይጥና አይጠ መጎጥ ጉዳያቸው ሌላ ነው። በ2002 ኮንግረስ ለምርምር የሚራቡትን አይጦችና ወፎች ከሕጉ ትርጓሜ በግልጽ አወጣ። በቤተ ሙከራ ከማንም በላይ የሚበዙት እነዚሁ አይጦች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ግን የ2010ሩ መመሪያ ኦክቶፐስን እንኳ ያካትታል።

በአንሹትዝ ያለች አይጥ ጥበቃ የምታገኘው በሌላ መንገድ ነው፦ የፌዴራል የጤና ምርምር ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አከርካሪ አጥንት ላለው እንስሳ ሁሉ ደንብ ማክበር አለበት። በግል ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ኩባንያ ከጎዳናው ማዶ ቤተ ሙከራ ቢከፍት፣ አይጦቹን የእንስሳት ሕጉም የገንዘቡ ደንብም አይነካቸውም።