አንድ ኢንች ውሃ፦ የአፈር ፍተሻ እንዴት የመኖሪያ ድንበር ሆነ

በአሜሪካ ገጠርና በከተሞች ዳርቻ ባዶ መሬት የሚገዛ ሰው በዋጋ ከመስማማቱ በፊት የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ «አፈሩ ውሃ ያሰርጋል ወይ?» የሕዝብ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ የቤቱ ፍሳሽ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል፤ ዝቃጩ ከታንኩ ሥር ይቀራል፤ ውሃው ግን በተቀበሩ ባለቀዳዳ ቱቦዎች ወደ አፈሩ ይሰርጋል። አፈሩ ውሃውን የማይቀበል ከሆነ የግንባታ ፈቃድ ማግኘት አዳጋች ነው። ይህን የሚወስነው ፍተሻ ሲወጠን የመሐንዲስ መለኪያ እንጂ የሰው መኖሪያ ድንበር አልነበረም።

ታንኩ ከፍተሻው ይቀድማል። ፈረንሳዊው ዣን ልዊ ሙራ እ.ኤ.አ. በ1881 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1895 ደግሞ ዶናልድ ካሜሮን በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ «ሴፕቲክ ታንክ» ብሎ የሰየመውን ሠራ። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ምን ያህል መሬት እንደሚፈልግ ግን ለረዥም ጊዜ በግምት ይወሰን ነበር። በ1920ዎቹ የኒው ዮርክ ግዛት መሐንዲስ ሄንሪ ራየን ግምቱን በቁጥር ለመተካት ተነሣ። ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው አንድ ኢንች ዝቅ ለማለት የሚፈጅበትን ደቂቃ ቆጠረ። ውጤቱን አገልግለው ከተበላሹ የማስረጊያ ቦታዎች ጋር አነጻጽሮ ለእያንዳንዱ አፈር የሚበቃውን ስፋት አሰላ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዳዲስ መንደሮች ከፍሳሽ መስመሮች ቀድመው ተስፋፉ። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፍሳሽ ከግቢ የሚፈስበትን ቤት ዋስ መሆን ለኪሳራ እንደሚዳርገው ተገነዘበ። የፌዴራሉ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባካሄደው ጥናት መሠረት በ1957 የወጣው መመሪያ ጉድጓዱ አስቀድሞ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ በውሃ እንዲርስ አዘዘ፤ ሸክላ አፈር የሚያብጠው ቀስ ብሎ ነውና። አንድ ኢንች ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ የሚፈጅበት መሬትም ለማስረጊያ አይሆንም ተባለ። መሐንዲሱ ስፋት ለመተመን የተጠቀመበት ቁጥር በዚህ መንገድ «ይሠራበታል» ወይም «አይሠራበትም» የሚል ብያኔ ሆነ።

ብያኔው ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ፍተሻው የሚካሄደው በንጹሕ ውሃ ነው፤ እውነተኛ ፍሳሽ ግን ከቦዩ ግርጌ የረቂቅ ሕዋሳት ንጣፍ ያበጅና የስርገቱን ፍጥነት ራሱ ይቆጣጠራል። ሁለተኛ፣ ፍጥነት ንጽሕና አይደለም። የሎንግ አይላንድ አሸዋ ውሃን በቀላሉ ያሰርጋል፤ በዚያው በሰፈክ አውራጃ ከ300 ሺህ በላይ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ውጭ በመሆናቸው ናይትሮጅን የከርሰ ምድሩን ውሃና የባሕር ወሽመጦቹን በክሏል። ስለዚህ ብዙ ግዛቶች ቀስ በቀስ ወደ አፈር ምርመራ አዘነበሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ድርድሩና ቀለሙ ይታያል። ግራጫና ዝንጉርጉር ቀለም ውሃ በየክረምቱ የት ድረስ እንደሚቆም ይናገራል።

የብያኔው ክብደት በጉልህ የታየው በአላባማዋ ላውንደስ አውራጃ ነው። በሴልማና በሞንትጎመሪ መካከል ያለው ይህ መሬት ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ይበዛዋል። ተራው ታንክ እዚያ አይሠራም፤ አማራጩ ከመሬት ከፍ ብሎ በአሸዋ ቁልል የሚሠራ ማስረጊያ ቢሆንም ዋጋው ከድኃ አቅም በላይ ነው። በርካታ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ፍሳሹን በቱቦ ወደ ግቢ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ አጡ፤ በዚህም በወንጀል የመከሰስ ሥጋት ወደቀባቸው። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2021 ምርመራ ከፍቶ፣ በ2023 የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ቅጣቱን እንዲያቆም የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። በሚያዝያ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ስምምነቱን አቋረጠ።

ይህ አፈር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ መረሬ የሚባለው የደጋው ጥቁር አፈር የዚያው ወገን ነው። በመረሬ የሚያርስ ገበሬ የማሳውን ውሃ በቦይ ማጥፈፍ ካልቻለ አዝመራው እንደሚበላሽ ያውቃል። ከተማ በዚህ አፈር ላይ ሲሰፋና የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ሲቀር ጥያቄው ከማሳ ወደ ግቢ ይሸጋገራል። ያን ጊዜ የውጭውን ደንብ ገልብጦ ማጽደቅ ቀላል ነው፤ ደንቡ የከለከለው ቤተሰብ አማራጩን በማን ገንዘብ እንደሚሠራ በዚያው ሰነድ ካልተጻፈ ግን የላውንደስ ታሪክ ይደገማል።