ዜማ ፍለጋ የወጣው መቅረጸ ድምፅ

ሕዝባዊ ዜማ የሚወለደው በስቱዲዮ ሳይሆን በአውድማ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ነው። ስለሆነም የመቅረጸ ድምፅ ታሪክ የጥራት ብቻ ሳይሆን የክብደትና የዋጋ ታሪክም ነው።

ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ በ1906 (እ.ኤ.አ.) የሃንጋሪን ገጠር ሲያስሱ የያዙት የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ነበር። መሣሪያው በሞላ ስለሚሽከረከር ኤሌክትሪክ አይሻም፤ ድምፁን በቀንዱ ተቀብሎ በሰም ላይ ይቀርጻል። ይሁንና አንዱ የሰም ሲሊንደር ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይዝም፤ በተደመጠ ቁጥርም ሰሙ ይፋቃል። ረጅሙ ዜማ በመሣሪያው ልክ መቆረጥ ግድ ሆነበት። የገበሬው ድምፅ ግን ከመጥፋት ዳነ።

ጆን ሎማክስና ልጁ አለን በ1933 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጥቁር እስረኞችን ዜማ የቀረጹት 140 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን መሣሪያ በመኪና ጭነው በመዞር ነበር። እንዲህ ያለው ሸክም መኪና ከማይደርስበት መንደር ሊዘልቅ አይችልም።

ስቴፋን ኩደልስኪ በ1951 በስዊዘርላንድ የሠራው ናግራ ሸክሙን አቃለለ፤ ዋጋው ግን ከተራው አጥኚ አቅም በላይ ሆነ። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት በጥራት ከናግራ ቢያንስም፣ መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ርካሽና በእጅ የሚያዝ ነበር። በኢትዮጵያም ካሴት ሸክላን ተክቶ የዘፋኙንና የአዝማሪውን ድምፅ ለብዙኃኑ አዳረሰ።

እንግዲህ መሣሪያ ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ «ዜማው ካለበት ይደርሳልን?» የሚለው ነው። ጥራት ተፈላጊ ነው፤ ሞት ግን የተሻለ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ አዛውንቱን አዝማሪ አይጠብቅም።