የመሣሪያ ዕድሜና የዕውቀት ዕድሜ፤ ከጋፋት እስከ ዘመናዊው ፋብሪካ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ የቴክኒክ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይገባው ስፍራ ነው። ስሙ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሴባስቶፖል ከተባለው መድፍ ጋር ስለሆነ፣ ታሪኩ በክፍል ውስጥ ሲተረክ ትኩረቱ በመድፉ ግዝፈት ላይ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሌላ ነው። ይኸውም አንድ የኢንዱስትሪ ሥራ ከመሣሪያው ይበልጥ መሣሪያውን በሚያሠራው ዕውቀት ላይ እንደሚቆም ከጋፋት ታሪክ ማሳየት፣ ቀጥሎም ዛሬ ፋብሪካዎችን የሚያጋጥማቸውን ተቀራራቢ ችግር፣ ማለትም የቀድሞ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ የማሠራትን ጉዳይ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው።

የጋፋት ሥራና ፍጻሜው

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የአውሮፓን የእጅ ሙያ ወደ አገራቸው ለማስገባት ብርቱ ፍላጎት እንደነበራቸው ይታወቃል። በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪስቾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች በ1850ዎቹ ዓ.ም. በጋፋት አሰፈሯቸው። ከእነዚህም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይገኙ ነበር፤ የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ሞሪትዝ ሆልም በሥራው ተካፋይ ሆኗል። ሚሲዮናውያኑ መድፍ የማቅለጥ ሙያ ይዘው የመጡ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አጥብቀው ስለ ጠየቁ፣ ምድጃ ሠርተው፣ ቅርጽ ማውጫ አዘጋጅተው፣ ደጋግመው ከከሸፈባቸው በኋላ ተሳካላቸው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ ከእነርሱ ጋር እንዲሠሩ ተደርገው ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ተጨማሪ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። ባለሙያዎቹና መሣሪያዎቹ እስከ ምጽዋ ደርሰዋል፤ ነገር ግን የታሰሩት አውሮፓውያን አስቀድመው ይፈቱ በሚለው ክርክር ምክንያት ወደ መሀል አገር ሳይዘልቁ ቀርተዋል።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በብዙ ሰዎች ጉልበት ተጎተተ። በየገደሉ መንገድ እየተጠረገ የተደረገው ይህ ጉዞ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ የተደረገው ውጊያ በሽንፈት አለቀ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት አውሮፓውያንም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

ብረቱ ቀርቶ ዕውቀቱ ሲሄድ

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ድረስ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። የጋፋት ሥራ ግን ተቋረጠ። የምድጃው ጡብ እንዴት እንደሚተኮስ፣ ብረታ ብረቱ በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል፣ ቅርጽ ማውጫው እንዴት እንደሚደርቅ የሚገልጸው ዕውቀት ከባለሙያዎቹ እጅና አእምሮ ወጥቶ ሥራውን ሊቀጥል ወደሚችል ተቋም አልተሸጋገረም። ሰዎቹ ሲለዩ ሥራው ከእነርሱ ጋር ተለየ።

ለዚህ የጦርነቱ ውጤት ብቻ ምክንያት አይሆንም። በአገሩ ማረሻና ጦር የሚሠሩ፣ ብረትን ከእሳት ጋር ማላመድ የሚያውቁ ቀጥቃጮች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ኅብረተሰቡ ግን ቀጥቃጩን በቡዳነት እየጠረጠረ፣ ከጋብቻና ከማዕድ እያራቀ ይኖር ነበር። ሙያው የተናቀ በሆነበት ስፍራ አዲስ ሙያ የሚተከልበት መደብ አያገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእጅ ባለሙያዎች የሰጡት ክብር ከዘመናቸው የቀደመ ቢሆንም፣ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር ከእርሳቸው በኋላ ሊዘልቅ አልቻለም።

የፋብሪካው ቋንቋና የሚነገርበት ኮምፒዩተር

ጋፋትና ዘመናዊው ፋብሪካ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ሆኖም በዛሬው ፋብሪካም መሣሪያው ጤናማ ሆኖ ሳለ የሚያሠራው ዕውቀት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ነገሩን ለመረዳት የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ቀድሞ የፋብሪካ ሞተሮችና ቫልቮች የሚታዘዙት ሪሌ በሚባሉ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። የምርቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሽቦው ሁሉ መፈታትና እንደገና መታሰር ነበረበት። ይህን ድካም ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሞዲኮን የተባለው ድርጅት በፕሮግራም የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ሠራ። ፒኤልሲ የሚባለው ይኸው ነው። ሽቦውን በመለወጥ ፈንታ ፕሮግራሙን መለወጥ ብቻ በቃ። በጀርመንም ሲመንስ ሲማቲክ ኤስ5 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ተተኪውን ኤስ7ን ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበያ አቀረበ።

መምህሩ ለተማሪው ሊያስረዳው የሚገባው ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው ራሱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ፕሮግራሙን የሚያነብና የሚያርም ሶፍትዌር ግን የሚገኘው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ያም ኮምፒዩተር በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ለኤስ5 የተዘጋጀው ስቴፕ 5 በአመዛኙ ከዊንዶውስ በፊት ለነበሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የተጻፈ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ያገለገለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሠሪው ድጋፍ የተለየው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 ነው።

በዚህም የተነሣ ሦስት ዓይነት መሰናክል ይፈጠራል። አንደኛው፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ16 ቢት የተጻፉ የቀድሞ ፕሮግራሞችን ጨርሶ አይቀበልም። ሁለተኛው፣ የጥንቱ ሶፍትዌር ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበት ሲሪያል ፖርት ከአዳዲስ ላፕቶፖች ጠፍቷል፤ በዩኤስቢ የሚተካው መለወጫም ሁልጊዜ አይስማማውም። ሦስተኛው፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ተቀርጾ የተሰጠበት ጊዜ ስለነበር ዲስኩ ሲበላሽ ፈቃዱ አብሮ ይጠፋል። በብዙ የቀድሞ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ፕሮግራሙ በማስታወሻው ላይ የሚቆየው በባትሪ ኃይል ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ባትሪው ከሞተ ፕሮግራሙ ይሰረዛል፤ ቅጅ ያላስቀመጠ ፋብሪካም ጤናማ መሣሪያ ይዞ ሥራ ይፈታል።

የአማርኛ መምህራን ይህን ችግር በራሳቸው ሥራ ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየድርጅቱ ልዩ ፎንት የተጻፉ ፈተናዎችና ማስታወሻዎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ማንበቢያው ነው።

ያሉት መፍትሔዎች

በዓለም ላይ የተለመዱት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የቀድሞውን ኮምፒዩተር ከነሶፍትዌሩ ጠብቆ ማቆየት ነው፤ ወጪው ዝቅተኛ ቢሆንም ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ቀን ሁሉ ነገር ያበቃል። ሁለተኛው በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ምናባዊ ኮምፒዩተር መፍጠር ነው። ይኸውም አሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአዲሱ ውስጥ እንደ አንድ ፋይል ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ማለት ነው። ፋይሉን መቅዳትና በልዩ ልዩ ስፍራ ማስቀመጥ ስለሚቻል ለሥልጠናም ለፋብሪካም ይመቻል፤ ሆኖም ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የደኅንነት ድጋፍ የሌለው ስለሆነም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም። ሦስተኛው መቆጣጠሪያውን በአዲስ መተካት ነው። ይህ ዘላቂ ቢሆንም የውጭ ምንዛሪ፣ የምርት ማቆሚያ ጊዜና ነባሩን ፕሮግራም አንብቦ የሚረዳ ሰው ይጠይቃል። እንግዲህ ሦስቱም መንገዶች ነባሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተሉት አሳቦች ይመነጫሉ። ፋብሪካ ሲገዛ ውሉ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙን ሙሉ ቅጅ ከነማብራሪያው፣ ሶፍትዌሩን ከነፈቃዱና የመገናኛ ገመዱን ጭምር እንዲያካትት ያስፈልጋል። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ዕውቀቱ በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ መቅረት የለበትም፤ ሠራተኛው በጡረታ ወይም በዝውውር ሲለይ የጋፋት ታሪክ በትንሹ ይደገማልና።

የሥልጠና ተቋማትም የቅርቡን ሶፍትዌር ብቻ አስተምረው የሚያስመርቁት ወጣት ከቀድሞው መሣሪያ ፊት ሲቆም ግራ እንደሚጋባ ሊያጤኑ ይገባል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በምናባዊ ኮምፒዩተር አማካይነት የቀድሞውን ሥርዓት ለማስተማሪያ ቢያቆዩ፣ ከባሕር ዳር ፋብሪካዎችም ጋር ቢተባበሩ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ታላቅ ጥቅም ይገኝበታል። ከሁሉም በፊት ግን የጥገና ባለሙያው ሌላ ዕድል ያጣ ሰው ተደርጎ መታየቱ ሊቀር ይገባል። ቀጥቃጩን የናቀው አመለካከት ስሙን ለውጦ በቴክኒክ ትምህርት ላይ እንዳይቀጥል መጠንቀቅ የመምህሩ ድርሻ ነው።

የታሪክ መምህርም ተማሪዎቹን ወደ ጋፋት ሲወስድ መድፉ ምን ያህል እንደሚመዝን ከመጠየቅ አልፎ፣ ባለሙያዎቹ በሄዱ ማግሥት ሥራው እንዲቀጥል ምን ተጽፎ መቀመጥ፣ ማንስ መማር ነበረበት ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁት ዝርዝር ዛሬ አንድ ፋብሪካ ስለ መቆጣጠሪያው ሊኖረው ከሚገባው ሰነድ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ሆኖ ይገኛል።