ከቅኔ ቤት ወደ መድረክ

ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ በደጃችን የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ በደብረ ታቦር የማያውቀው የለም። ወደ ዙር አምባ ለዝማሬ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ለድጓ የሚሄድ ነው። በልጅነቴ ውሻችን ሲያባርረው ስቄበታለሁ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዚሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግጥሙን በልቡ አስቦ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይቀኛል፤ ከሳተ እዚያው ይታረማል። ለመድረክ የሚሆን ድፍረት ከዚህ ወዲያ ከወዴት ይገኛል?

ቀኝጌታ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ቴአትር እየደረሱም ተማሪዎቻቸውን ያጫውቱ ነበር። ሴት መድረክ ስለማትወጣ የሴቱን ክፍል የሚጫወተው ወንድ ነበረ። (የክፍላችን ልጃገረዶች ይህን ሰምተው እጅግ ሣቁ።) «አፋጀሽኝ» የተባለው ቴአትራቸው ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

በቅርቡ አንድ የቆሎ ተማሪ ከደጃችን ቆመ። እንጀራ ሳቀብለው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት።

«ቅኔ ልማር፣ ወደ ጎጃም» አለኝ።